ጥርኝ ውሃ ስንት ይመዝናል?

«ተአምረ ማርያም» በአገራችን ከተሰሙት የታሪክ መድበሎች ሁሉ ሰፊ ጆሮ ያገኘ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ከተነበቡት» ሳልል «ከተሰሙት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ይህን መጽሐፍ አብዛኛው ሕዝብ በዓይኑ አላነበበውም፤ በየደብሩ ቅጥር ግቢ ቆሞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ካህኑ ሲያነብ ሰማው። ቤቱ ሲገባም ለልጆቹ በራሱ አፍ አወራላቸው። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት የበላኤ ሰብእን ታሪክ ከማናችንም አሳምራ ትተርከዋለች።

ስለዚሁ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የተነገረው ግን አብዛኛው ስብከት ነው። ስብከት የራሱ ቦታና ክብር አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሌላ ነው፤ መጽሐፉን እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ወስዶ፣ አንዲት ቃል ከታሪክ ታሪክ ስትሻገር ምን እንደምትሠራ መመልከት ነው። ቃሏ ውሃ ናት። የእስልምና ተከታይ የሆናችሁ የዚህች ወረቀት አንባቢዎች «ይህ የኔ መጽሐፍ አይደለም» ብላችሁ ገጹን እንዳትዘሉት አደራ እላለሁ። ወደ ፊት እንደምታዩት ውሃው የጋራ ነው።

ውሃን የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ለሁላችንም ግልጽ ነው። ያለነው ገዳሪፍ ነው፤ ክረምት ሲገባ ዋልካው ከእግር ጫማ የሚነጥቅበት፣ በጋ ሲመጣ ያው ዋልካ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባበት አገር። እዚህ ስለ ውሃ የማያስብ ሰው የለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከመጽሐፉ ከራሱ የመጣ ነው። ልብ ብሎ ያዳመጠው ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል፤ በ«ተአምረ ማርያም» ውስጥ ውሃ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል፣ ባነሰ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል። ባሕሩ ያስፈራል፤ ጥርኙ ያድናል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የታሪኮቹ ዋና ሐሳብ የተቋጠረው እዚሁ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ከአገር አገር የዞረ መጽሐፍ

ወደ ቃሉ ከመግባታችን በፊት ስለ መጽሐፉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ተአምረ ማርያም» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ ድርሰት አይደለም፤ መድበል ነው። ከታሪኮቹ ብዙዎቹ በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ፣ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በጣልያን ይነገሩ የነበሩ ናቸው። ከዚያ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወደ ዐረብኛ ተመለሱ፣ በግብፅ አለፉ፣ በመጨረሻም ከ1382 እስከ 1413 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ ገቡ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ልጃቸው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ መጽሐፉ በሠላሳ ሦስቱ የማርያም በዓላት እንዲነበብ አዘዙ። እኛም አገር ከደረሰ በኋላ አላቆመም። ከገዳሙ፣ ከመንደሩ፣ ከመንገዱ አዳዲስ ታሪኮች እየተጨመሩበት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆኑ። ጣልያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1943 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን ረጅም ጉዞ ዱካ በዱካ ተከትሎታል።

እንግዲህ መጽሐፉ ራሱ ድንበር ተሻጋሪ ነው። ቋንቋውን ሦስት ጊዜ ለውጧል፤ ልብሱን በየአገሩ ቀይሯል። በየደረሰበት የአገሬውን ነገር እየለመደ፣ የራሱንም ሳይጥል ኖሯል። ይህን የምናነብ ሰዎች የዚህ ዓይነቱን ኑሮ እንግዳ አንለውም።

በብዙዎቹ ቅጂዎች የመጀመሪያው ታሪክ የደቅስዮስ ነው። ደቅስዮስ የጥልጥልያ ጳጳስ ነው፤ ጥልጥልያ የምትባለው ከተማ በስፔን ያለችው ቶሌዶ ናት። ደቅስዮስ የማርያምን ተአምር ሰብስቦ መጽሐፍ ጻፈ፣ በዓሏንም አከበረ፤ እርሷም ልብስና መንበር ሰጠችው። ታላቅ ሰው ታላቅ ሥራ ሠራ፣ ታላቅ ዋጋ አገኘ። ነገሩ የተመጣጠነ ነው። መጽሐፉ ግን በዚህ ሚዛን አይቆይም። እያደር ታላላቆቹ ሰዎች ይርቃሉ፤ ሌባው፣ ባለ ዕዳው፣ ዕውሩ፣ ለምጻሙ፣ በመጨረሻም ሰው በላው ይመጣሉ። ስጦታውም ከመጽሐፍና ከበዓል ወደ ጥርኝ ውሃ ይወርዳል። ስለዚህ ደቅስዮስን ከበላኤ ሰብእ ጋር አስተያይቶ ያላነበበ ሰው የመድበሉን ግማሽ ብቻ ነው የሰማው።

ውሃ በአፋችን

አማርኛችን ውሃን ብዙም አያከብራትም። ያለ ምክንያት የሚቆጣውን ሰው «ውሃ ቀጠነ ይላል» እንለዋለን። የማይረባ ሰበብ «ውሃ የማያነሳ ምክንያት» ነው። ሄዶ የቀረ ሰው «የውሃ ሽታ ሆነ» ይባላል። ከንቱ ድካም ሲገጥመን «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ብለን እንስቃለን። አታላዩን ስንፈራ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንላለን። በዚህ ሁሉ አነጋገር ውሃ የከንቱነት፣ የመጥፋት፣ የማታለል ምሳሌ ናት። ይህም ውሃ የሞላበት የደጋ ሰው አነጋገር ይመስለኛል። ምንጭ ከደጁ የሚፈልቅለት ሰው ውሃን ቢንቅ አይፈረድበትም።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ አነጋገር ተለይቶ ይቆማል፤ የትዳር ጓደኛን «ውሃ አጣጭ» እንላለን። ውሃ አጣጭ ማለት አንዱ ሲጠማው ሌላው የሚያቀብለው ማለት ነው። እዚህ ላይ ውሃ ዋጋ ያገኘችው በብዛቷ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ በመተላለፏ ነው። «ተአምረ ማርያም» ይህችን አንዲት አነጋገር ይዞ ሌሎቹን ሁሉ የሚገለብጥ መጽሐፍ ነው።

ትልቁ ውሃ

በመድበሉ ውስጥ ባሕር ሲመጣ አደጋ ይመጣል። መርከብ ይናወጣል፣ ነጋዴዎች ይጮኻሉ፣ መንገደኛ ይሰጥማል። ከነዚህ ታሪኮች አንዱ ከፈረንሳይ ጠረፍ የመጣ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በባሕር ዳር ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ማዕበሉ መጥቶ ይከባታል፤ ሌሎቹ ሮጠው ያመልጣሉ፣ እርሷ ትቀራለች። ድንግል ማርያም ትጋርዳታለች፤ ሴቲቱም በባሕሩ መካከል ልጇን በሰላም ትገላገላለች።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ተአምሩ በውሃው አይደለም፤ ውሃው በቆመበት ነው። ውሃው ስፍር የለውም፣ መያዣም የለውም። ማንም አልቀዳውም፣ ማንም ለማንም አላቀበለውም። በሰው እጅ ያልገባ ውሃ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ኃይል እንጂ በጎነት የለውም። ይህን ልብ እንበል፤ ምክንያቱም በሚቀጥሉት ታሪኮች ውሃ በመጣ ቁጥር አብሯት መያዣ ይመጣል፤ ጫማ፣ መዳፍ፣ ሚዛን። ተራኪዎቹ «ውሃ» ብለው አይተዉም፤ በምን እንደ ተያዘች ይነግሩናል።

በጫማ የተቀዳ ውሃ

የውሻው ታሪክ አጭር ነው። ድንግል ማርያም ገና በወጣትነቷ ሳለች በጥም የተቃጠለ ውሻ አየች፤ በጫማዋ ውሃ ቀድታ አጠጣችው። ይኸው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ወደውት በግድግዳ ላይ ሥለውታል። ብዙዎቻችን ታሪኩን ከመስማታችን በፊት ሥዕሉን አይተን ይሆናል።

ከታሪኩ ውስጥ ጫማውን አውጡት፤ ምን ይቀራል? ደግ ልጅ ለውሻ ውሃ ሰጠች የሚል የልጆች ምክር ይቀራል። ጫማው ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጫማ አፈር የሚረገጥበት ዕቃ ነው፤ ውሻም በአገራችን ልማድ ከዕቃችን የማናስጠጋው እንስሳ ነው። ተራኪው ዝቅተኛውን ዕቃ ከዝቅተኛው እንግዳ ጋር አገናኘና መካከላቸው ውሃ አኖረ። ከዚህ በኋላ ንጹሕና ርኩስ የሚለው ጥያቄ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጥም ብቻ ነው።

የእስልምና ተከታይ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ሲሰሙ ሌላ ነገር ትዝ ሳይላቸው አይቀርም። በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲሶች የተመዘገበ የአንዲት ሴት ታሪክ አለ። ሴቲቱ በኃጢአት ኑሮ የምትታወቅ ነበረች፤ በጥም ምላሱን አውጥቶ ጉድጓድ የሚዞር ውሻ አይታ በቆዳ ጫማዋ ውሃ ቀድታ አጠጣችው፤ በዚያም ምሕረት አገኘች። ጫማው ያው ነው፣ ውሻው ያው ነው፣ ውሃው ያው ነው። በአንዱ ታሪክ ያጠጣችው ከሴቶች ሁሉ ንጽሕት የተባለችው ናት፤ በሌላው ደግሞ ኃጢአተኛ የተባለችው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናኖራቸው የምናየው ጫማ የሁለቱንም እጅ እኩል ማድረጉን ነው። ማን ከማን ወሰደ የሚለውን ጥያቄ ለሊቃውንት እንተወው። እኔን የሚገርመኝ ሁለት ትልልቅ እምነቶች ውሃን ለመመዘን ሲፈልጉ ሁለቱም ወርቅ ጽዋ አለመፈለጋቸው ነው።

የስደተኛዋ ጥም

«ስደት» የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን አፍ መጀመሪያ የሚያመለክተው የማርያምን ወደ ግብፅ መሸሽ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ወራት የሚታሰበው ለዚሁ ነው። በስደቱ ታሪኮች ውስጥ ከሄሮድስ ሰይፍ ቀጥሎ የሚነሣው ጠላት ጥም ነው። እናት ሕፃን አዝላ በበረሃ ትሄዳለች፤ ውሃ ትለምናለች። በምሥራ አገር መጣርያ በተባለው ቦታ ምንጭ ፈለቀ የሚለውም ትውፊት የመጣው ከዚሁ ጥም ነው።

እዚህ ላይ ማርያም የምታጠጣ አይደለችም፤ የምትጠማ ናት። በመድበሉ ውስጥ በሌላ ቦታ ሰው ሁሉ በስሟ ይለምናል፤ እዚህ ግን ለማኟ ራሷ ናት። ይህን የመሰለ የቦታ መለዋወጥ በቁርኣንም አለ። በ19ኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱ መርየም፣ መርየም ብቻዋን በምጥ ተይዛ በተምር ዛፍ ሥር ስትጨነቅ ከበታቿ ውሃ እንደ ተሰጣት ይነገራል። ባለ ሁለቱም መጻሕፍት ስለ እርሷ ሊነግሩን ሲፈልጉ ከዙፋኗ በፊት ጥሟን ነገሩን።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ያልተጠማ ሰው ስለ ውሃ የሚናገረው ሁሉ ምክር ነው። የተጠማ ሰው የሚናገረው ግን ምስክርነት ነው። በኋላ በሚዛኑ ፊት ቆማ ስለ ጥርኝ ውሃ የምትከራከረው፣ አንድ ጊዜ ራሷ ጥርኝ ውሃ የፈለገች ሴት ናት። መድበሉን ከዳር እስከ ዳር የሰማ ሰው ይህን ክር ያያል፤ አንድ ታሪክ ብቻ የሰማ ግን አያየውም።

ጥርኙ

አሁን ወደ በላኤ ሰብእ እንምጣ። ታሪኩን ሁላችሁም ስለምታውቁት በአጭሩ እነካዋለሁ። የቅምር ሰው ነው። ሰው መብላት ጀመረ፤ ከበላቸው መካከል ሚስቱና ልጆቹም ይገኛሉ። በተለመደው ቁጥር ሰባ ስምንት ነፍስ ነው። በመንገዱ አንድ ቁስለኛ፣ በጥም የነደደ ድኻ አገኘ። ድኻው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ውሃ ለመነው፤ አልሰጠውም። ስለ ጻድቃን ስለ ሰማዕታት ለመነው፤ አልሰጠውም። ስለ ማርያም ሲለው ልቡ ተነካ፤ ከያዘው ውሃ ጥርኝ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ወደ ዋሻ ገብቶ ንስሐ ይዞ ሞተ። ነፍሱ ስትመዘን ሰባ ስምንቱ በአንድ ወገን ተቀመጡ፣ ጥርኙ ውሃ በሌላው። ሰባ ስምንቱ ደፉ። ማርያም ጥላዋን በውሃው ላይ ጣለች፤ ያን ጊዜ ውሃው ደፋ።

መጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። ግዕዙ «ሕፍን» ይላል፤ ከዚህ የእኛ «እፍኝ» ይመጣል። እኛ ግን እፍኝን ለደረቅ ነገር ለይተን «እፍኝ ቆሎ፣ እፍኝ ጥሬ» እንላለን፤ ለሚፈስሰው «ጥርኝ» የሚል ሌላ ቃል አበጀን። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። እፍኝ ቆሎ በእጅ ይጨበጣል፤ ጨብጠው ይሄዱበታል፣ ለነገ ያስቀምጡታል። ጥርኝ ውሃ አይጨበጥም። እጅን ከፍቶ እንጂ ዘግቶ መያዝ አይቻልም። ቶሎ ካልጠጡት ወይም ቶሎ ካልሰጡት በጣት መካከል ያልቃል። ስለዚህ ጥርኝ የመጠን ስም ብቻ አይደለም፤ የእጅ አያያዝና የጊዜ ስምም ነው። አማርኛ ተናጋሪው ተራኪ «እፍኝ» ባለማለቱ ታሪኩን ከግዕዙ አንድ እርምጃ አራመደው እላለሁ። ሰባ ስምንት ሰው ጨብጦ የበላ እጅ፣ ለአንድ ጊዜ ተከፈተ።

ቀጥሎ ሦስቱን ልመናዎች እንይ። ተራኪው ለምን ሦስት ጊዜ አስለመነ? ፈጣሪን ከማርያም አሳንሶ አይደለም። ሰውየው በመጨረሻው ስም የተነካው ያን ስም ከልጅነቱ ሲሰማው ስላደገ ነው። ሰው መብላት ከመጀመሩ በፊት ልጅ ነበር፤ እናት ነበረችው፤ በደጁ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ያልፍ ነበር። ሌላው ሁሉ ሲጠፋበት ያች ድምፅ ብቻ ቀርታለች። ልመናው ውሃውን ከሰውየው ኮዳ አላወጣውም፤ ከልጅነቱ ነው ያወጣው። ከአገሩ የራቀ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ሦስተኛው ነገር ድኻው ነው። ስም የለውም። ጥርኝ ውሃ የተቃጠለ ጉሮሮን እንደማያረካ ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ውሃው ችግሩን እንኳ በሙሉ አልፈታለትም። ከዚያ ወዲያም በሰማነው ታሪክ ስለ እርሱ ብዙ አይነገርም። ሆኖም ያለ እርሱ ሚዛኑ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይኖርም ነበር። የውሃው ክብደት ከኮዳው አይደለም የመጣው፤ ከዚህ ስም የለሽ ሰው ጥም ነው። የተጠማው ሰው መዛኝ ነው።

ሁለት አንባቢዎች

በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ዓይነት አንባቢ ያጋጥመናል።

አንዱ «ያዳነው ስሟ ነው፤ ውሃው ምንም አይደለም፤ ጥላዋ ባይወድቅበት መች ይደፋ ነበር?» ይላል። ይህ አንባቢ ግማሽ እውነት ይዟል። ጥላው ባይወድቅ ሚዛኑ አይደፋም ነበር፤ ተራኪው ራሱ ይህን አልደበቀም። ግን ጥላ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። ተራኪው ቢፈልግ ኖሮ ስሟን ብቻ በሚዛኑ ላይ ያኖር ነበር። አላደረገም። ውሃ አኖረ። ባዶ ሚዛን ላይ የሚወድቅ ጥላ ምንም አያነሳም። ከዚህም በላይ ጥላ የሚለው ቃል ከውሃ ጋር መምጣቱን እዩት፤ በበረሃ መንገደኛ የሚመኘው ሁለት ነገር ነው፤ ጥላና ውሃ። ሰውየው ለድኻው አንዱን ሰጠ፤ ሌላው ተጨመረለት።

ሁለተኛው አንባቢ ደግሞ ይቆጣል። «ሰባ ስምንት ሰው በልቶ በጥርኝ ውሃ መዳን ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የተበሉትስ?» ይላል። በዚህ ሰፈር ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ለክርክር ያህል የሚጠይቅ አይደለም። ዘመዱን ቀብሮ ወይም ሳይቀብር የመጣ ሰው ነው። ስለዚህ በቀላሉ መልስ ልንሰጠው አይገባም።

እኔ የምለው ይህን ነው። ታሪኩ እዚህ ላይ ጉድለት አለበት። ሰባ ስምንቱ አንድም ቃል አይናገሩም። ሚስትየዋ አትናገርም፣ ልጆቹ አይናገሩም። ይቅርታውን የጠየቃቸው የለም። ዛሬ የሚጽፍ ደራሲ ይህን ዝምታ በዝምታ ቢያልፈው ልንከሰው ይገባል። ነገር ግን ተራኪው አንድ ነገር አላደረገም፤ ሙታኑን ከሚዛኑ ላይ አላወረደም። ቁጥራቸውን አልቀነሰም፣ «ጥቂት ሰዎች» ብሎ አላድበሰበሰም። ሰባ ስምንት ብሎ ቆጠረ፤ በመጀመሪያም እነርሱ እንደ ደፉ ተናገረ። ምሕረት በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚመጣው ሙታኑ ከተቆጠሩ በኋላ ነው። ሙታንን ሳይቆጥሩ ምሕረት የሚሉትን ሰዎች ይህ ታሪክ አይደግፋቸውም።

ሊትርና ጥርኝ

እዚህ ሁላችንም አንድ ሌላ መለኪያ ለምደናል። የርዳታ ሥራ መመሪያው በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል፤ ኑሮው ሲረጋ ደግሞ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መለኪያ 20 ሊትር ነው። ይህ ቁጥር አስፈላጊ ነው። ሲጎድል መጮኽ ይገባል፤ ሕፃን በቆሻሻ ውሃ ሲታመም ጥርኝ እያሉ መቀኘት ነውር ነው። ሊትር የመብት ቋንቋ ነው። ጥርኝ ደግሞ ሌላ ቋንቋ ነው፤ ሊትሩ ባልደረሰበት ቦታ ሰው ለሰው የሚናገረው ቋንቋ። አንዱ ሌላውን አይተካውም።

ይህን ሁለተኛ ቋንቋ የገዳሪፍ ሰው ያውቀዋል። በየመንገዱ፣ በዛፍ ወይም በዳስ ጥላ ሥር፣ ዚር የሚባለውን የሸክላ ጋን ሞልተው፣ ቆርቆሮ ኩባያ አኑረውበት ይሄዳሉ። ሰቢል ይሉታል። የሚጠጣው ማን እንደ ሆነ አይጠይቁም፤ ሃይማኖቱን፣ አገሩን፣ ወረቀቱን አይጠይቁም። ውሃና ጥላ አንድ ላይ ቆመው ያየነው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የኡም ራኩባ ሰፈር እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ስንቱን የአገራችንን ሰው አስተናገደ፤ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮም እንደገና ተከፍቶ ሌላ ትውልድ ተቀበለ። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ ከማያውቀው ሰው ዚር ጠጥቷል።

ውሃውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም። ከጎንደር ምድር የሚወርደው ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባላል፤ ተከዜም እዚህ ሲደርስ ሰቲት ይሆናል። ስማቸው ተቀየረ እንጂ ወንዞቹ ያው ናቸው።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ እደርሳለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። እኛ የበላኤ ሰብእን ታሪክ ስንሰማ ራሳችንን የምናኖረው በድኻው ቦታ ነው። የተጠማነው እኛ ነን፤ የሚለመነው ሌላው ነው። ይህ የሚገባን ቦታ ነበር፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ታሪኩ ዓይኑን የሚያነጣጥረው በድኻው ላይ አይደለም፤ ውሃ በያዘው ሰው ላይ ነው። ታሪኩ የሚጠይቀው «ማን ያጠጣህ?» ሳይሆን «በእጅህ ውሃ ሳለ ምን አደረግህ?» ብሎ ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ ወደ እኛም መጥቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ያጠጡን ሰዎች ራሳቸው ተሰደዱ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዋድ መደኒ ስትያዝ፣ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሲንጃ ስትያዝ፣ ብዙ ሺህ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ገዳሪፍ ተመመ። ከዚያ ወዲህ በውሃ ሰልፍ ላይ ከፊታችን የሚቆመው ትላንት ዚር ያኖረልን ሰው ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሰው ጀሪካኑን አቅፎ «እኛም ስደተኛ ነን፤ ከእኛ ምን ይጠበቃል?» ሲል ይሰማል። በላኤ ሰብእም ይህን ማለት ይችል ነበር። በረሃ ላይ ነበር፣ ውሃው ጥቂት ነበር፣ ለራሱም ይጠማው ነበር። የጥርኙ ክብደት የመጣው ከዚህም ነው። የተረፈውን ውሃ ቢሰጥ ኖሮ ሚዛኑን ለማንሳት አንድ ኩሬ አይበቃውም ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ውሃ የምትባለው ቃል በዚህ መድበል ውስጥ ያደረገችው ጉዞ ይህ ነው። በባሕሩ ስፍር አጥታ አስፈራች፤ በጫማ ተቀድታ ንጹሑንና ርኩሱን አስተካከለች፤ በስደት መንገድ ታጥታ እመቤቲቱን አስለመነች፤ በመዳፍ ተይዛ ከሰባ ስምንት ሙታን ፊት ቆመች። ደራሲዎቹ ብዙ ናቸው፣ አገራቸውም ቋንቋቸውም ይለያያል፤ በዚህች ቃል ላይ ግን የተማከሩ ይመስላሉ።

በሰባ ስምንቱ ዝምታ ላይ የተለየ ሐሳብ ያለው፣ ወይም ታሪኩን ከእናቱ በሌላ መልክ የሰማ አንባቢ ቢጽፍልን ወረቀቷ ትቀበለዋለች። በተለይ ድኻው ከጠጣ በኋላ ወዴት ሄደ የሚለውን የሚተርክ ካለ፣ በሚቀጥለው ቅጂ ላይ ቦታ እንዲያዝለት አሳስባለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አሳልፉ።